ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል፤ ለድርሰት ማሳመሪያም ተጠቅመንበታል። እኔ በበኩሌ ግን በ2023 መጸው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ማለዳ በሬ እስኪንኳኳ ድረስ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ በዚህችው መጽሔት ባለፈው ቁጥር የወጣው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ወንድማችን የለንደንን ሐበሻ ጠባይ ሲተች፣ መኪናውን በማይሆን ቦታ አቁሞ፣ የካውንስሉን ቅጣት ሳይከፍል ከርሞ፣ ቤይሊፍ በሩ ላይ ሲቆምበት «ግፍ ተፈጸመብኝ» እያለ የሚጮህ ሰው ከራሱ በቀር የሚከሰው የለም ይላል። ሕግ ያከበረን ሰው ማን ይነካዋል? ሲልም ይጠይቃል። አጻጻፉ ያምራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አክብሬ መልስ ልሰጠው እፈልጋለሁ። መልሱ ግን እሱ ባሰበው መንገድ አይሄድም፤ እኔንም አይምረኝም።

በመጀመሪያ ነገሩን እንዳለ እናስቀምጠው።

ከኔ በፊት በዚህች ክፍል ይኖሩ የነበሩት አንድ ታላቃችን ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራቸው ሚኒካብ መንዳት ነው። ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወሩ «አንተ ተማሪ ነህ፣ ኪራዩ አይከብድህም» ብለው ክፍሏን ለኔ ለቀቁልኝ። አድራሻቸውን ባንክ ቤት ለወጡ፣ ሐኪማቸው ዘንድ ለወጡ፤ የመኪናቸውን ሊብሬ ግን ረሱት። ከዚያ በኋላ አንድ ዝናባም ቀን፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት ተሳፋሪ ለማውረድ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆሙ። ካሜራ አነሳቸው።

ጥፋት ነው? አዎን፣ ጥፋት ነው። መቆሚያው በመኪና ሲያዝ አውቶቡሱ ወደ ጥጉ መጠጋት ያቅተዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውና ጋሪ የምትገፋዋ እናት ይጉላላሉ። ስለዚህ በቅጣቱ ላይ ክርክር የለኝም። በቅሎዋ በፍርድ ሄደች እንበል።

ደብዳቤው ግን ጋሼ ዘንድ አልደረሰም፤ ወደኔ ክፍል መጣ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም መጣ። ስማቸውን ፖስታው ላይ እያየሁ «ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ» እያልኩ ማቀዝቀዣው ላይ ደረደርኳቸው። እንዲያውም የጀበናዬ ማቶት ተሰብሮብኝ ስለነበረ አንዱን ፖስታ ሁለት ላይ አጥፌ ከጀበናው ሥር አድርጌው ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ እንግዲህ! በቀን መቶ ገጽ አነባለሁ ብዬ የምመጻደቅ ሰው ነኝ።

በነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ በኛ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ደረቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ቆሟል። የጋሼን ስም ጠራ። «እዚህ አይኖሩም» አልኩት። ብርድ ነው፤ ሰውየው ወረቀት ይዟል፤ እኔ ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ እንግዳን ደጅ ማቆም ነውር ነው ብላ ነው። «ግባ» አልኩት።

ኧረ እንዴት ያለ ቃል ከአፌ ወጣ! የዚች አገር ሕግ በቅጣት ዕዳ የመጣ ቤይሊፍ መጀመሪያ ሲመጣ በሩን ሰብሮ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ገፍቶም መግባት አይችልም። የሚገባው በሰላም፣ በተከፈተ በር ነው። አንዴ ገብቶ ዕቃውን በቁጥጥር ሥር ካደረገ ግን ባለዕዳው የገባውን የክፍያ ውል ቢያፈርስ፣ አስቀድሞ ማስታወቂያ ሰጥቶ በኃይል ተመልሶ መግባት ይችላል። ስለዚህ በኛ አገር ትሕትና የሆነው ቃል በዚህ አገር ፊርማ ማለት ነው። ሰውየው ገባ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ኮምፒውተሬን አየ፣ መጻፍ ጀመረ። «የኔ ነው፤ የሳቸው አይደለም» ብለው «ደረሰኝ አሳየኝ» አለኝ። የሌላ ሰው ንብረት ለዕዳው እንደማይወሰድ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ጠንክሬ እከራከር ነበር። አላወቅሁም። ደነገጥኩና ለጋሼ ደወልኩ።

ጋሼ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቁ ነበር። ስልኩን ለሰውየው ሰጠሁት። አንድ አሥር ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ፤ ወይም ሰውየው ተናገረ፣ ጋሼ «የስ» አሉ። በመጨረሻ የባንክ ካርዳቸውን ቁጥር እያነበቡ 505 ፓውንድ ከፈሉ፤ የመመዝገቢያው ጥቂት ፓውንድ ሳይቆጠር። ገንዘቡ ለእናታቸው አርባ ወደ አገር ቤት ሊልኩ ከዕቁብ የወሰዱት ነበር። ሰውየው «መልካም ቀን» ብሎኝ ወጣ። ሰዓቱ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ወንድማችን የዘለለው ሒሳቡን ነውና።

ያን ጊዜ የለንደን ከፍተኛው የመኪና ማቆም ቅጣት 130 ፓውንድ ነበር። በካሜራ የተያዘ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ከከፈለ ግማሹ ይቀርለታል፤ ተቆጣጣሪ መስተዋቱ ላይ የለጠፈበት ከሆነ ቀኑ 14 ነው። እንግዲህ ፖስታውን በጊዜው የከፈተ ሰው ዋጋው 65 ፓውንድ ነው። ካልከፈለና ካልተከራከረ ካውንስሉ በግማሽ ይጨምርበታል፤ 195 ይሆናል። ከዚያም ዕዳው ኖርዛምፕተን በሚገኘው የትራፊክ ማስፈጸሚያ ማዕከል ይመዘገባል፤ ትእዛዙም ይወጣል፤ ትእዛዙ ለቤይሊፍ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ የሚጨመረው የቤይሊፉ ክፍያ ነው። በ2014 የወጣው ደንብ ሦስት ደረጃ አስቀመጠ፦ ዕዳው ለቤይሊፍ ሲተላለፍና የማስታወቂያው ደብዳቤ ሲላክ 75 ፓውንድ፣ በሩ ድረስ ሲመጣ 235፣ ዕቃው ለሐራጅ ሲወሰድ ደግሞ 110። 195 እና 75 እና 235፤ ድምሩ 505 ነው።

ከዚህ ውስጥ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ለመቆም የተከፈለው ስንት ነው? 130። የቀረው 375 ለምንድን ነው የተከፈለው? መኪናው ሁለተኛ ጊዜ አልቆመም። ማንም ሰው ተጨማሪ አልተጎዳም። 375ቱ የተከፈለው ወረቀት ባለመነበቡ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም፦ ይህ ሥርዓት አብዛኛውን ገንዘብ የሚቀጣው ያላግባብ የቆመን ሰው ሳይሆን ያላነበበን ሰው ነው። ያላነበበው ማነው? ቶሎ ቶሎ ቤት የሚለዋውጥ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ፣ እንግሊዝኛው ለተሳፋሪ የሚበቃ፣ ለሕግ ደብዳቤ ግን የማይበቃ ሰው ነው። ባለቤት የሆነበት ቤት ያለውና የጠበቃ ወዳጅ ያለው ሰውማ 65 ከፍሎ ቁርሱን ይበላል።

ወንድማችን «ፍርድ ቤት ያዘዘበት ነው» ይለኝ ይሆናል። እሺ፣ ፍርድ ቤቱን እንየው። የማስፈጸሚያው ማዕከል በስሙ ከካውንቲ ፍርድ ቤት ጋራ የተያያዘ ነው። ግን ካውንስሉ ዝርዝሩን ይልካል፣ ማዕከሉ ይመዘግባል፤ ትእዛዙንም ራሱ ካውንስሉ ያዘጋጀዋል። በዚህ ሁሉ መሀል «ይህ ሰው ደብዳቤው ደርሶታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ዳኛ የለም። ዳኛ ሳያየው የፍርድ ቤት ስም ይዞ በር ላይ ይቆማል። ያገራችን ተረት ጭብጦ የሚላት ይህችን ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ጭብጦዋ ከበቅሎዋ መብለጧ ነው፦ የቤይሊፉ ክፍያ ብቻውን 310 ፓውንድ፣ ጥፋቱ 130!

በደንቡ ላይ ሌላም ነገር አለ። ያን ጊዜ በሩ ድረስ ለመምጣት የሚከፈለው 235 ፓውንድ እስከ 1,500 ፓውንድ ላለ ዕዳ ሁሉ አንድ ነበር። 1,500 ያለበትና 195 ያለበት እኩል ይከፍሉ ነበር። ከ1,500 በላይ ላለው ብቻ ነው በመቶኛ ይጨመር የነበረው። እንግዲህ ዕዳው ባነሰ ቁጥር ክፍያው ይከብዳል ማለት ነው። ይህን ሚዛን ገበያ ይዛ የምትወጣ ቅቤ ሻጭ ብትኖር መንደሩ ያሳድዳት ነበር።

የገንዘቡ መድረሻም ይለያያል። ካውንስሎች ከመንገድ ዳር ማቆሚያ የሚተርፋቸውን ገንዘብ እንዳሻቸው እንዳያደርጉት የ1984 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ይዟቸዋል፤ በመጀመሪያ ለማቆሚያ፣ ለመንገድና ለመጓጓዣ ነው የሚውለው። ስለዚህ የጋሼ ቅጣት ተመልሶ አንድ ጉድጓድ ይደፍን ይሆናል፤ ደግ ነው። የቤይሊፉ 310 ፓውንድ ግን ለካውንስሉ አይደርስም። ለኩባንያው ነው። ካውንስሉ ለኩባንያው ሳንቲም አይከፍልም፤ ከፋዩ ባለዕዳው ነው። እንግዲህ ካውንስሉ «አንድ ጊዜ ስልክ እንደውልለት፣ አድራሻውን እናጣራ» ብሎ የሚደክምበት ምን ምክንያት አለው? ኩባንያውስ በሩን ሳያንኳኳ ነገሩ ቢያልቅ ምን ይጠቀማል? ያን ጊዜ በደብዳቤ ካለቀ 75፤ በር ካንኳኳ ሌላ 235 ነበር። ጥቅሙ በየትኛው ወገን እንዳለ ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከ2014 በፊት ነገሩ ከዚህ የባሰ ነበር። ኩባንያዎቹ ያልመጡበትን ጉብኝት ሁሉ መጥተናል እያሉ ያስከፍሉ ነበር የሚለው ስሞታ በየጊዜው ይሰማ ነበር። የ2007ቱ ሕግና በ2014 በሥራ ላይ የዋሉት ደንቦች ክፍያውን ወሰኑት፣ ሰዓቱን ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 3 አደረጉት፣ ቤት ውስጥ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ካለ መግባት ከለከሉ፣ የምድጃና የማቀዝቀዣ ዓይነት የኑሮ ዕቃ እንዳይነካ አደረጉ፣ የሥራ መሣሪያም እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ ጠበቁ። ስሙንም ለወጡት፤ በሕጉ ላይ ቤይሊፍ አይባልም፣ «አስፈጻሚ ወኪል» ነው። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ቤይሊፍ ነው የሚለው። ስም መለወጥ ቀላል ነው፤ እኛም ከአገራችን እናውቀዋለን።

እንዲያውም በ2014 መንግሥት ያወጣው የአሠራር መመዘኛ እንግሊዝኛ መረዳት፣ መናገር ወይም ማንበብ በግልጽ የሚቸግረውን ሰው ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ወገኖች ጋር ይቆጥረዋል። ልብ በሉ! እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ መንግሥት ነው። ግን ይህን መርምሮ ማወቅ የሚጠበቅበት ማነው? እበሩ የቆመው ሰው። መቼ? እበሩ ከቆመ በኋላ፤ 235ቱ ከተቆጠረ በኋላ። ጋሼ አሥር ደቂቃ «የስ፣ የስ» ሲሉ ሰምቶ ሰውየው ይህ ሰው ይቸገራል ብሎ ገምቶ ነበር? እኔ የማየው የካርዱን ቁጥር ሲጽፍ ነው።

ክፍል ውስጥ ስለ ዲክንስ ስንማር መምህራችን የባለዕዳዎችን እስር ቤት እንዳለፈ ነገር ነው የሚያወሩት። የዲክንስ አባት በ1824 በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ ታሠረ፤ ልጁ በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገባ። እስር ቤቱ በ1842 ተዘጋ። በ1869 በወጣው ሕግ በዕዳ መታሠር በአብዛኛው ቀረ። ከማርሻልሲ ዛሬ ሳውዝዋርክ ውስጥ አንድ ግንብ ብቻ ቆሟል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሁሉም እውነት ነው። በ1604 የተፈረደ አንድ የታወቀ ፍርድ ደግሞ የሰው ቤት ምሽጉ ነው የሚለውን ደንብ አጸና፤ ቤይሊፍ ዛሬም በር የማይሰብረው በዚያው ሥር ነው። ይህም እውነት ነው። ግን ምሽግ የሚጠቅመው ምሽግ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ነው። ለኔና ለጋሼ ቤታችን ምሽግ ሳይሆን «ግባ» የሚባልበት ቦታ ነው።

በአገራችን ደግሞ ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ ዕዳው እስኪከፈል በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ይውላሉ፣ ያድራሉ። አረመኔ ሥርዓት ነበር፤ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ባለገንዘቡም አብሮ ታሥሯል። የባለዕዳውን ፊት ያያል፣ ሲያስል ይሰማል፣ የታመመ እናት እንዳለችው ያውቃል። እሱም ስለሚሰለቸው ለመታረቅ ይቸኩላል። የዛሬው ቁራኛ አንደኛው እጅ ብቻ የታሠረበት ነው። ካውንስሉ በፖስታው ራስጌ ላይ ያለ ማኅተም ነው፤ ሰንሰለቱም ፊቱም የለም።

ይህን ስል ግን በሩ ላይ የቆመውን ሰው ጠላት ላደርገው አልፈልግም። ዲክንስ ራሱ «ብሊክ ሃውስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ኔኬት የተባለ ባለዕዳ አሳሪ አስገብቷል። ሰው ሁሉ ይጠላዋል። ሲሞት ግን ሦስት ልጆች እናት አባት የሌላቸው ሆነው ይቀራሉ፤ ትልቋ ልብስ እያጠበች ታናናሾቿን ታሳድጋለች። ያ ጎልማሳም በዚያ ብርድ ተነሥቶ የመጣው እንጀራ ሆኖበት ነው። ከነሱ ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ባስከፈሉት ልክ ነው። ሰውየውን ሳይሆን የአከፋፈሉን ሥርዓት ነው የምቃወመው። በ2022 በነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ የሚቆጣጠር ቦርድ ተቋቁሟል፤ መቋቋሙ መልካም ነው። ግን ሲቋቋም የሕግ ኃይል አልተሰጠውም፤ ገንዘቡም የሚመጣው ከሚቆጣጠራቸው ኩባንያዎች ነበር። ውሻ አሳሪውን ራሱ የሚቀልብ ከሆነ ገመዱ ምን ያህል ይጠብቃል?

ወንድማችን ሁለተኛ ነገር ሊለኝ ይችላል፦ «ሊብሬውን መለወጥ የሰውየው ግዴታ ነው»። አዎን፣ ግዴታ ነው። አለመለወጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል። ለጥፋቱ ሕግ አለው ማለት ነው። እንግዲያስ በዚያ ጥፋት ይከሰስ፤ ዳኛ ፊት ይቁም፤ «እናቴ ሞታ ነበር፣ ረሳሁ» ይበል፤ ዳኛውም ይፍረድ። ያኔ በቅሎ ነው፤ በፍርድ የሄደ ነው። ያልተከሰሰበትን ጥፋት በቤይሊፍ ክፍያ ማስከፈል ግን ፍርድ አይባልም።

ሦስተኛም ሊል ይችላል፦ «ቅጣት ካልተከፈለ ከተማ አይተዳደርም»። እኔም እላለሁ። ቅጣት ይከፈል። ቤይሊፍ ይቅር አላልኩም፤ አውቆ እምቢ የሚል ሞልቷል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ 235 ፓውንድ በአንድ ሰው ላይ ከመቆጠሩ በፊት ያ ሰው እዚያ ቤት መኖሩን አንድ ሰው ያጣራ። ሁለተኛ፣ ክፍያው ከዕዳው እንዳይበልጥ ጣሪያ ይደረግለት። ይህ አብዮት አይደለም። ማንኛውም ያገራችን ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚፈርደው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለነሱ ነው። አሁን ስለኛ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንዱ ቅጣቱ፣ አንዱ የጭማሪው፣ አንዱ የቤይሊፉ ማስታወቂያ። አራተኛው ከጀበናው ሥር የነበረው ነው፤ ክብ የቡና ምልክት ታትሞበታል። ከፍርድ ቤት የመጣው ትእዛዝ እሱ ነበር። ከትእዛዙም ጋራ አንድ ባዶ ፎርም ተያይዟል፤ ቲ ኢ 9 ይባላል። በፎርሙ ላይ «ማስታወቂያው አልደረሰኝም» የሚል ምክንያት ተጽፎ አለ፤ ምልክት አድርጎ፣ ፈርሞ በ21 ቀን ውስጥ መላክ ነው። ክፍያ የለውም። ተቀባይነት ካገኘ ትእዛዙ ይሻራል፣ ጭማሪው ይነሣል፣ ነገሩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቲ ኢ 7 የሚባል ሌላ አብሮ ይላካል፤ እሱ እስኪወሰን ድረስ ቤይሊፉ እንዲያቆም ይደረጋል። የነሱ «በሕግ አምላክ!» ማለት ነው። ባገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሳም። እዚህም አለ፤ የሚጮኸው ግን በወረቀት ነው። በሐሰት የፈረመ ሰው ፍርድ ቤት በመድፈር ይጠየቃል፤ ጋሼ ግን የሚፈርሙት እውነቱን ነበር።

እውነቱ ከጀበናዬ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ሥርዓቱን ከከሰስኩ በኋላ ራሴንም እከሳለሁ፤ ይህችን መጽሔት የምናዘጋጀውንም ሁላችንን። ከኛ በፊት የነበረው የተማሪ ትውልድ በ1974 መጨረሻ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በወዱም ይሁን በግዱ፣ ወደ ገጠር ወርዶ ፊደል አስቆጥሯል። በ1979 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የዚያን ዘመን ስሕተትና ደም አንረሳም። ግን ማንበብ የሚችል ለማይችል ዕዳ አለበት የሚለው ሐሳብ ስሕተት አልነበረም። እኛስ? ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ገጽ ከገጽ እንጽፋለን፤ የጎረቤታችንን ፖስታ ግን ከጀበና ሥር እናደርጋለን። ባለፈው ቁጥር የጻፈው ወንድማችን ደግሞ ከዚያ አልፎ ፖስታውን ላላነበበው ሰው ስብከት ይጽፋል። በኛ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ እኔም እስከዚያ ማለዳ ድረስ እንደሱ ነበር የማስበው።

ስለዚህ ነገሩን በወሬ አንጨርሰው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን ሐበሻ ቡና በሚጠጣበት ቦታ አንድ ጠረጴዛ እንያዝ። ፖስታ ያለው ፖስታውን ይምጣ፤ እናንብብለት። ጠበቃ ነን አንልም፤ አንባቢ ነን እንላለን። ዋናው ነገር አምስት ቃል ነው፦ ቤት ስትለውጡ ሊብሬውንም ለውጡ፤ ፖስታ በመጣበት ቀን ክፈቱ፤ ጥፋቱ ካለባችሁ በግማሹ ጊዜ ክፈሉ፤ ካልደረሳችሁ ፎርሙን ላኩ፤ ቤይሊፍ ከመጣ በመስኮት ወይም በተዘጋ በር ተነጋገሩ እንጂ «ግባ» አትበሉ። እናቶቻችን ይቅር ይበሉን።

ለጋሼ ፖስታዎቹን ይዤ ሄጄ እግራቸው ሥር ልወድቅ ነበር፤ አነሱኝ። ቡና የታተመበትን ወረቀት አገላብጠው አዩትና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ገንዘቡስ ይመጣል። አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ የሚያነብ ሰው ቤቱ አለ ብዬ ነው ሳልጠይቅ የተኛሁት።»

ሕግ ያከበረን ሰው ማን ይነካዋል ብለሃል፣ ወንድሜ። መልሴ ይኸው ነው፦ አጠገቡ ያለው፣ ማንበብ እየቻለ የማያነብለት ሰው ይነካዋል። ካውንስሉና ኩባንያው የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።